የጎደለው መስመር

ባሕሩ በየዓመቱ ከገደል ይገምጣል፤
አያቴ ያረሱት ዛሬ ዓሣ ያርሰዋል።
ሆልደርነስ ይሉታል ይህን ጭቃ አገር፣
ክረምት ጫማ የሚውጥ፣ በጋ ማረሻ የሚሰብር።

አባቴ አርኖልድ ስክሪቭን፣ በፈር ጥራት ታዋቂ፣
የሦስት ዋንጫ ባለቤት፣ የገመድ ልክ ጠባቂ።
ዋንጫዎቹ ዛሬ ብሎን ተሞልተዋል፤
እንግዳ ሲመጣ ግን ገልብጦ ይወለውላል።
ማረሻውን ሸጬ መዝሪያ የገዛሁ ቀን
ምሳውን አልበላም፤ ድምፁም አልተሰማን።
ማታ ላይ ወጣና ዲስኩን በከዘራ መታ አድርጎ፦
"ሄስተር፣" አለኝ፣ "ያልታረሰ መሬት ያልተነጠፈ መደብ ነው፤
ዘሩን እንግዳ አድርገሽ ባዶ ወለል ልታስተኚው?"

ማሽኑ እንዲህ ነው፦ ሃያ አራት ዲስክ፣ ጠርዙ የተሳለ፣
እያንዳንዱ በክብደቱ አፈር ላይ የዋለ፤
ያምና ገለባ ሳይነሣ፣ የታጨደው ጉቶ ሳይነቀል፣
ምላጭ እንደ ነካው ቆዳ ስስ ስንጥቅ ይከፍታል።
ዘሩ በቱቦ ይወርዳል፣ እዚያ ውስጥ ይወድቃል፣
ከኋላ ጎማ መጥቶ እንደ ደብዳቤ ያሽገዋል።
አቧራ የለም፤ ጓል የለም፤ ተከትሎ የሚንጫጫ ወፍ የለም፤
ሰው ሲያየኝ ሥራ የሠራሁ አይመስልም።
ጎረቤቴ ክላይቭ ከአጥር ማዶ ቆሞ
"መዝራት ስትጀምሪ ንገሪኝ!" አለ ደግሞ።
ዘርቼ ጨርሼ ነበር።

ጉልበቴን ጭቃ ላይ ጥዬ ስንጥቁን በቢላ ከፈትሁ፤
አራት ሳንቲሜትር። ዘሩ አለ። ሌላ ከፈትሁ።
አለ። ሦስተኛው ላይ ገለባው ታጥፎ ገብቷል፣
ዘሩ ትራስ እንዳገኘ ከላዩ ተጋድሟል።
ጤዛው እስኪለቅ፣ ገለባው እስኪሰበር፣ እስከ እኩለ ቀን ጠበቅሁ፤
ትራክተሩ ጥላ ሥር የቀዘቀዘ ሻይ ጠጣሁ።

በኅዳር ስንዴው ብቅ አለ፣ ገለባ መሃል አረንጓዴ ክር፤
በመጨረሻው ጉዞ ግን፣ ከአሥራ ሰባተኛው ዲስክ ሥር፣ ባዶ መስመር።
ቱቦው ተደፍኖ ነበር፣ የሸረሪት ድር ይሁን ጭቃ፣
እኔ ወንበሬ ላይ ሬዲዮ ስሰማ፣ ልቤ ሳይነቃ፣
ከመንገድ ጀምሮ ገደሉ አፍ ድረስ ስሄድ
አንዲት ፍሬ ሳትወርድ ዲስኩ አፈሩን ሲያርድ።
ክላይቭ አየ። ፖስተኛው መኪናውን አቁሞ አየ።
አባቴ ግን ምንም ሳይል ወደ ቤቱ ተለየ።

በመጋቢት አንድ ጧት ከዘራው ከበሩ ጎን አልነበረም።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያለ እሱ አይራመድም።
ገደሉን አስቤ ጫማዬን ሳልቋጥር ወጣሁ።
አየሁት፤
ባዶው መስመር ላይ ነው፣ የኮቱ ኪስ ባቄላ ሞልቶ፤
በከዘራው ጫፍ ይወጋል፣
አንድ ፍሬ ይጥላል፣
በተረከዙ ይዘጋል።
ይወጋል፣ ይጥላል፣ ይዘጋል፤
ጉቶውን ሳይነቅል፣ አፈር ሳይገለብጥ።
አንዴ ጎንበስ ብሎ እፍኝ አፈር አነሣ፣ አሸተተ፤
ከመሃሉ የወጣው ትል መዳፉ ላይ ሲንፏቀቅ
ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰው ቆሞ ተመለከተ።
አልጠራሁትም።

በሐምሌ ስንዴው ሲነጣ አንድ አረንጓዴ መስመር
ከመንገድ እስከ ገደል እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ነበር።
ክላይቭ መጥቶ "ይሄ ደግሞ የምን ማሽን ነው?" ቢለው
አባቴ ከዘራውን ከፍ አድርጎ አሳየው።
ለእኔ ማታ እራት ላይ፣ ዐይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፦
"ዘንድሮ ቱቦዎቹን እኔ ነኝ የማያቸው፤ እንዳትረሺ" አለኝ። "ድንች አንሺ።"

በነሐሴ ማዕበል ገደሉ ተናደ፤
ከመስመሩ ጫፍ ባቄላ ከነሥሩ ይዞ ወረደ።
"ስንት ይሆን?" አልሁ፣ ከታች ቡናማውን ውሃ እያየሁ።
"ዘጠኝ፣" አለ አባቴ።
ቆጥሯቸው ነበር።